ፌሮው ከመምጣቱ በፊት ስፔሰሩን ሥሩ

አዳማ ላይ ቤት የሚጀምር ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ቤርጋ ፌሮ ይበቃኛል?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ «ስፔሰር ሠርተሃል ወይ?» ብዬ እመልስለታለሁ። ስፔሰር ፌሮውን ከሥሩ ከፍ አድርጎ የሚይዝ ትንሽ የሲሚንቶ ቁራጭ ነው። ፌራዮ (ፌሮ አሳሪ) ሆኜ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ ብረት አንሶት ከተበላሸው መሠረት ይልቅ ብረቱ ሞልቶ ቦታውን የሳተበት ይበልጥብኛል።

ለስፔሰሩ አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሁለት እጅ የታጠበ አሸዋ ጋር ወፈር አድርጋችሁ አቡኩ። ጣውላ ላይ በ5 ሳንቲም ውፍረት ዘርጉና ሳይደርቅ 5 በ5 አድርጋችሁ በቢላዋ ቁረጡት። እያንዳንዱ ላይ ሁለት ጫፉ የወጣ ጥቁር ሽቦ ስኩበት፤ በማግስቱ ውኃ ውስጥ ክተቱት፣ ሳምንት ይቆይ። ሥራ ሲጣደፍ ስባሪ ብሎኬት ወይም የጣውላ ቁራጭ ማስገባት ይቀላል። ግን ብሎኬት ውኃ ይመጥጣል፣ እንጨት ይበሰብሳል። ቦኩ አካባቢ አንድ የቆየ መሠረት ስንሰብር ያየሁት አይረሳኝም፤ ጣውላ የገባበት ቦታ ባዶ ሆኗል፣ በላዩ ያለፈውን ባለ 12 ሚሊ ፌሮ በጥፍሬ ስነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። ከዚያ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ያው ፌሮ ደህና ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ መጀመሪያ 5 ሳንቲም ሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው ያነሰ የመደላደያ አርማታ) ይሞላል። ያለ እሱ አፈር ላይ ከሆነ የብረቱ ሽፋን፣ ማለት ከብረቱ ሥር ያለው አርማታ፣ ቢያንስ 7.5 ሳንቲም መሆን አለበት። የአዳማ ነፋስ በአንድ ሌሊት አቧራ ስለሚሞላው ሜሹ (ተሻግሮ የታሰረው የፌሮ መረብ) ከመዘርጋቱ በፊት ጥረጉት። በፌሮዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሊኑ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ፕላኑ 15 ሳንቲም ካለ 15 ነው። ዳር ዳሩን ሁሉንም መገናኛ፣ መሃሉን አንዱን እየዘለላችሁ እሰሩ፤ ስፔሰሩ በየ80 ሳንቲሙ ይግባ። አፈሩ ፉቲንጉን (የኮለኑን የታች መሠረት) ከታች ወደ ላይ ሲገፋው የሚለጠጠው የታችኛው ፊት ስለሆነ ሜሹ እዚያው ታች ነው የሚያስፈልገው፣ ግን በስፔሰሩ ልክ ከፍ ብሎ። «ሲሞላ በመንጠቆ እንስበዋለን» የሚላችሁን አትስሙ፤ በአርማታ የተጫነ ሜሽ እኩል አይነሳም፣ ቢነሳም ተመልሶ ይተኛል።

ቡናማ ዝገት ችግር የለውም። የሚረግፍ ቅርፊት፣ ጭቃና ዘይት ግን ይጽዳ።

የኮለኑ ስታርተር (ከመሠረቱ ለኮለኑ የሚወጣው ቋሚ ፌሮ) እግሩ ታጥፎ ሜሹ ላይ ይታሰር፤ በሁለት ሦስት ስታፋ (ቋሚዎቹን ዙሪያ የሚይዝ የታጠፈ ብረት) ያዙትና በቱምቢ ለኩት። ፕላኑ ሌላ ካላለ ለኦቨርላፕ (ሁለት ፌሮ ተደራርቦ ለሚታሰርበት ርዝመት) የብረቱን ውፍረት 50 ጊዜ ተዉለት፦ ለባለ 12 60 ሳንቲም፣ ለባለ 14 70።

ግድግዳው ላይ ነው ትልቁ ስህተት የሚሠራው። ከላይ ሶሌታ (የወለል አርማታ) የማይዘው፣ አፈር ብቻ የሚገፋው ግድግዳ ከሆነ ዋናው ቋሚ ፌሮ በአፈሩ በኩል ይቆማል። ወጣት ሳለሁ ለማሰር ስለሚመች ብቻ በመንገዱ በኩል ያቆምንለት አንድ ሰውዬ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ግድግዳው ከሥሩ ተሰንጥቆ ወደ መንገዱ አዘነበለ። የሰውዬው ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከላይ ሶሌታ የሚይዘው የምድር ቤት ግድግዳ ሌላ ነው፤ እሱን መሐንዲሱ በሁለቱም ፊት ያዘዘውን እንዳለ እሰሩ።

ማዕዘን ላይ አግዳሚዎቹን አቋርጣችሁ ብቻ አትተዉ። ኤል የታጠፈ ፌሮ በሁለቱም በኩል ሙሉ ኦቨርላፕ ይኑረው። በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ እዚህ አዳማም ተሰምቶናል፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለሚኖር ሰው ያልተያያዘ ማዕዘን አይሆንም።

በሙሌቱ ቀን ሰው ሜሹን እንዳይረግጥ የመሄጃ ጣውላ ይነጠፍ፣ አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠጋጋው ቫይብሬተርም ፌሮ አይንካ። አንድ ሰው ሜትር ይዞ ስታርተሩ አጠገብ ይቁም፤ አርማታው ትኩስ እያለ የሸሸ ብረት በእጅ ገፋ ሲያደርጉት ይመለሳል፣ ከደረቀ በኋላ ግን መዶሻ እንዳታነሱበት፤ መሐንዲሱን ጥሩ።