ጥፋቱ የውሻው አይደለም፦ በኦሪገን ጠረፍ የካምፐር ጉዞ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከሲያትል ተነስተን በአስቶሪያ ድልድይ ወደ ኦሪገን ተሻገርን፤ ከዚያ መንገድ 101ን ይዘን እስከ ብሩኪንግስ ወረድን። የኦሪገን ጠረፍ ብቻውን 363 ማይል ነው። በኪራይ ካምፐር (የሚተኛበትና የሚበሰልበት ቤት መኪና) ውስጥ አምስት ሰውና አንድ ውሻ ነበርን፦ እኔና ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ፣ እና መቻል። መቻል ውሻው ነው። ስሙን ያወጣችው እናቴ ናት። "ውሻ ቤት ውስጥ ይተኛል?" ብላ ተቆጥታ ተቆጥታ፣ ሲያልቅባት "እንግዲህ መቻል ነው" አለች። ስሙ ሆኖ ቀረ።

በአስር ቀን ውስጥ ያልተበላሸ ነገር የለም። በተበላሸ ቁጥር መጀመሪያ የምንወቅሰው መቻልን ነበር፤ በየጊዜውም ተሳሳትን። ስለዚህ ውሻችሁ አንድ ነገር ሲሆን መጀመሪያ ምን እንዳበላችሁትና ምን እንዳቀጣጠላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ ካምፐሩን ፈትሹ። ውሻውን መጨረሻ ላይ።

መኪናው ሲነሳ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያስታውካል

ካኖን ቢች ሳንደርስ ምንጣፉን ሁለት ጊዜ አጠብን። ልጆቹ "ፈርቶ ነው" አሉ። አልነበረም። ጠዋት ልንነሳ ስንል "ጠግቦ ይሂድ" ብለን አብልተነዋል። ፍራሹን ደግሞ ያነጠፍንለት ከኋላው ጎማ ወዲያ፣ መኪናው ጭራ ላይ ነው። ረጅም መኪና ሲታጠፍ ጭራው ክፉኛ ይወዛወዛል፤ ሾፌሩ ግን አይታወቀውም።

ከጉዞ በፊት ለጥቂት ሰዓታት ምግብ አትስጡት፤ ውሃ ይጠጣ። የሚተኛበትን ሳጥን ከፊት ወንበሮች ጀርባ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል፣ በቀበቶ እሰሩት። መስኮት ገርበብ አድርጉ፤ በየሁለት ሰዓቱ አውርዱት። ከያቻትስ በስተደቡብ፣ ኬፕ ፐርፔችዋ አካባቢ፣ መንገዱ ገደሉን ይዞ ይጠማዘዛል። እዚያ ከኋላ የሚከተላችሁ ሰው ቢቸኩልም እናንተ ቀስ በሉ። ይህ ሁሉ ካልረዳ የእንስሳት ሐኪም የሚያዘው የማስታወክ መከላከያ አለ። ከራሳችሁ ቦርሳ ኪኒን አውጥታችሁ አትስጡት።

ሌሊት ይንቀጠቀጣል፣ በሩን ይቧጥጣል

"ጅብ ሸቶት ይሆናል" አለች እናቴ። ኦሪገን ውስጥ ጅብ የለም። ያስጨነቀው የጋዝ አላርሙ ነበር። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ አላርሙ የሚተከለው ወለሉ አጠገብ፣ ልክ በተኛ ውሻ ጆሮ ትይዩ ነው። የካምፐሩ ባትሪ ሲደክም ወይም አላርሙ ራሱ ዕድሜው ሲያልፍ በየጊዜው "ጢጥ" ይላል። ሰው ሰምቶ ይተኛል፤ ውሻ አይተኛም።

ባትሪውን የጨረስነው እኛው ነን። በጁላይም ቢሆን የጠረፉ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ የማሞቂያው ማራገቢያ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር ባትሪውን ይመጠዋል። ማሞቂያውን ቀንሳችሁ ብርድ ልብስ ጨምሩ፤ ወይም ኤሌክትሪክ ያለው የካምፕ ቦታ ያዙ። አላርሙ ጀርባ ላይ ቀን ተጽፏል፤ ካለፈበት አከራዩ ይቀይርላችሁ። ሽቦውን ነቅሎ መተኛት የለም። "ጢጥ" ሳይሆን ያለማቋረጥ ከጮኸ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ ሁላችሁም ውጡ፣ ጋዙን ከሲሊንደሩ ዝጉ።

ውሻው ተልፈስፍሷል፣ ሰዉንም ራሱን ያመዋል

ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፈው ሊገድለን ስለነበር ነው።

ኒውፖርት ላይ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። እናቴ ቡና አማራት፤ ለሻንጣዋ ዋና ዕቃ ደግሞ ጀበናና ማጨሻ ናቸው። ከሰል ገዛን። እውጭ ዝናብ ስለሆነ ካምፐሩ ውስጥ ማንደጃው ላይ ተቀጣጠለ፣ ዕጣኑም ጨሰ። ቡናው ቶና ደርሶ በረካ ስንጠብቅ መቻል ጠረጴዛ ስር ዝርግት አለ። ትልቁ ልጄ "ራሴን" አለ። አላርሙ ጮኸ። ትንሹ "ባትሪው ነው፣ የትናንቱ" አለ።

ባትሪው አልነበረም። ከሰል ጭሱ ካለቀ በኋላም፣ ፍሙ ቀይ ሆኖ እያማረም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። በክረምት ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ወሬ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ሀገር ቤት ቡና ሲፈላ በሩ ክፍት ነው፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል። ካምፐር ግን የቁም ሳጥን ያህል ነው፤ እኛ ደግሞ ዝናብ እንዳይገባ ጥርቅም አድርገን ዘግተነዋል።

መፍትሄው አንድ ነው፦ ሰውም ውሻም ወዲያው ውጪ። ማንም ጫማ ፍለጋ አይመለስ። በንጹህ አየር ራስ ምታቱ ካልለቀቀ፣ ካስመለሰ ወይም ግራ ከተጋባ 911 ደውሉ። ከሰል ከካምፐር ውስጥ፣ መስኮት ተከፍቶም ቢሆን፣ አይገባም። የጋዝ ምድጃውንም ለማሞቂያ አታብሩ። የቀረውን ቡና በማግስቱ ዛፍ ስር ጠጣነው። እናቴ "ከቤቱ ይልቅ እዚህ ያምራል" አለች፤ ሽንፈትን የምትቀበለው እንዲህ ነው።

መስኮቱ ያልባል፣ ፍራሹ ይሸታል

እርጥብ ውሻና የጋዝ ምድጃ ናቸው። ፕሮፔን ሲነድ የውሃ እንፋሎት ይለቃል። መቻልን ሳይገባ ውጭ በፎጣ ማድረቅ፣ ስታበስሉ የጣሪያውን መተንፈሻና አንድ መስኮት ትንሽ መክፈት በቂ ነው።

ፍሪጁ አይቀዘቅዝም

ካምፐሩ ያዘነበለ ቦታ ቆሟል። በጋዝም የሚሠራው ዓይነት ፍሪጅ ውስጥ አሞኒያ የሚዘዋወረው በራሱ ክብደት ወደ ታች እየወረደ ስለሆነ፣ ሲያዘነብል ሥራው ይስተጓጎላል። ወለሉ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡ፣ ከጎማው ስር ጣውላ አስገቡ።

ከባሕር ዳርቻ መልስ ተቅማጥ ያዘው

ኳስ እየያዘ ስንት አፍ የጨው ውሃ እንደዋጠ አልቆጠርንም። የምትጠጡትን ውሃ ይዛችሁ ውረዱ፤ ሳይጠማው ቶሎ ቶሎ ስጡት። ብዙ ጠጥቶ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ከተንገዳገደ ወይም ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ ግን ጨው በደሙ በዝቷል ማለት ነው። ይህ በቤት ውስጥ ሕክምና የሚታለፍ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

በገመድ ይዛችሁትም "ተመለሱ" ተባላችሁ

በ1967 ገዥው ቶም ማኮል የፈረመው ሕግ የኦሪገንን ዳርቻ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። ውሻም አብዛኛው ቦታ ይፈቀድለታል። እኛም ሁሉም አሸዋ የእኛ መሰለን። ነገር ግን ስኖዊ ፕሎቨር የምትባል ትንሽ ወፍ ደረቁ አሸዋ ላይ ትጥላለች። ውሻ ባይነካትም ስታየው እንቁላሏን ትታ ትሸሻለች። ስለዚህ ከማርች 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ምልክት በተደረገባቸው ዳርቻዎች ውሻ በገመድም ቢሆን ክልክል ነው። ምልክቱን አንብቡና ወደሚቀጥለው ዳርቻ ንዱ፤ ሩቅ አይደለም። በተፈቀደው ዳርቻ ያለ ገመድ ቢሮጥ እንኳ ከዓይናችሁ አይራቅ፣ ሲጠሩት ይምጣ፣ ገመዱም እጃችሁ ላይ ይሁን። በስቴት ፓርኮች ውስጥ ግን ከ6 ጫማ በማይበልጥ ገመድ ይያዛል።

ድዱ ነጣ፣ ሽንቱ ቡና መሰለ

የመጀመሪያ ቀን መቻልን በእግሯ ጫፍ የምትገፋው እናቴ፣ ባንደን ስንደርስ በድብቅ ታጎርሰው ነበር። ምስጢሩ የወጣው ልጆቹ ሲያሳብቁ ነው። ዶሮ ወጥ በእንጀራ። ወጣችን ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራሉ። ሲበስልም፣ በበርበሬ ውስጥ ዱቄት ሆኖም መርዝነቱ አይጠፋም። ክፋቱ፣ ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ መሆኑ ነው። ድካም፣ የነጣ ድድ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ የቀላ ወይም የጠቆረ ሽንት።

መቻል የጎረሰው ትንሽ ስለነበር ተረፈ፤ ያም ሆኖ ሐኪም ደውለን ጠይቀናል። እናንተም ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፦ ምን ያህል እንደበላ፣ መቼ እንደበላና ክብደቱን ንገሩ። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋልና አይሰጥም። ለእናቴ "ለውሻ ይጎዳል" ማለት አልሠራም። "ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ አጉርሺው" ስንላት ግን ከእኛ ቀድማ ትቀቅልለት ጀመር።

ቤት ገብታችሁ ከቀናት በኋላ ትኩሳት፣ ምግብ እምቢ ማለት

ይህኛው እኛ ላይ አልደረሰም፤ የጠረፉ ሰው ግን በደንብ ያውቀዋል። ከሰሜን ካሊፎርኒያ እስከ ዋሽንግተን ባሉ ወንዞች ሳልመንና ትራውት ውስጥ ጥቃቅን ትል አለ። ትሉ ውሻን የሚያሳምም ባክቴሪያ ይሸከማል። ውሻ ጥሬ ዓሣ፣ ወይም ዓሣ አጥማጅ የጣለውን አንጀትና ጭንቅላት ከበላ፣ አንድ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ትኩሳት፣ ትውከት፣ ተቅማጥ ይጀምረዋል፤ አንገቱ ላይ ንፍፊት ያብጣል። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ቶሎ ከተደረሰበት ግን በአንቲባዮቲክና በትል መድኃኒት ይድናል።

አስቸጋሪው ነገር ያን ጊዜ ጉዞው አልቆ ካምፐሩ ተመልሷል። ዴንቨር ወይም ዲሲ ከሆናችሁ ደግሞ የሰፈራችሁ ሐኪም ይህን በሽታ ዓይቶ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ሳይጀመር አፍ አውጥታችሁ ንገሩት፦ "ኦሪገን ጠረፍ ነበርን፣ ጥሬ ዓሣ በልቶ ይሆናል።" የሰገራ ምርመራ የትሉን እንቁላል ያሳያል።