የሜልበርን ገና፦ ጌጡን ከግቢያችሁ ቁረጡት

መስኮት ላይ የጥጥ በረዶ መለጠፍ ለእኔ አይዋጥልኝም። እኛ ገናን በፀሐይ ነው የምናውቀው። እዚህ ሜልበርን ደግሞ ሙቀቱ አንዳንዴ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ታኅሣሥ 29፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 7፣ ሃይድራንጂያውና ባለ ረጅም አንገቱ ሰማያዊ አጋፓንተስ የሚፈኩበት ሰሞን ነው። ከዚህ በላይ ምን ጌጥ አለ?

አበባ የሚቆረጠው ማለዳ ነው፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ። እኔ በዋዜማው ጠዋት ውሃ የሞላ ባልዲ ይዤ እወጣለሁ። የተቆረጠው ወዲያው ባልዲው ውስጥ ይገባል። ውሃው ውስጥ የሚጠልቀውን ቅጠል በሙሉ አራግፉት፤ አለዚያ ይበሰብስና ውሃውን ያገማዋል። እስከ ማታ ጥላ ውስጥ ይቆይ። ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት እደረድረዋለሁ።

ሃይድራንጂያ ውሃ አይጠግብም። ጠዋት ቀጥ ብሎ የነበረው፣ እንግዳ ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ታገኙታላችሁ። እንዳትጥሉት! የግንዱን ጫፍ እንደገና በሰያፍ ቁረጡ። ከዚያ አበባውን ከነራሱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ይሄ አበባ በራሱም በኩል ውሃ ይመጥጣል። አንድ ሁለት ሰዓት ካቆያችሁት አብዛኛውን ጊዜ ቀና ይላል። እኔ ሁሌም ደስ ይለኛል ይሄን ሳይ።

ነጭ ሊሊ ካላችሁ፣ መሃሉ ላይ ያሉትን ብናኝ የተሸከሙ ጫፎች አበባው እንደፈካ በሶፍት ይዛችሁ ንቀሉ። ብናኙ ነጠላ ላይ ካረፈ በቀላሉ አይለቅም። ድመት ያለበት ቤት ግን ሊሊ ጭራሽ አይግባ፤ ኩላሊቷን ጎድቶ ይገድላታል።

አዲስ አበባ በገና ሰሞን የሚቀላውን ፖይንሴቲያ ደጅ ተክላችሁ አትጠብቁት። እሱ የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝም ነው፣ እዚህ ደግሞ ዲሴምበር ላይ ሌሊቱ አጭር ነው። ቀይ ከፈለጋችሁ የኒው ሳውዝ ዌልሱ አገር በቀል ክሪስማስ ቡሽ አለ። ቀዩ አበባው አይደለም፤ ነጩ አበባ ካለፈ በኋላ የሚቀረው፣ አበባውን አቅፎ የነበረው ቅጠል መሰል ክፍል ነው።

ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ተቆርጦ የተገዛ ጥድ በዚህ ሙቀት ለእኛ ገና አይደርስም፣ ይደርቃል። ፖት ውስጥ የበቀለ ይሻላል። ጌጣጌጡን ከዲሴምበር 26 በኋላ ግዙ። ዋጋው ይወርዳል፣ የእኛ በዓል ደግሞ ገና አልደረሰም።

መብራቱ በፀሐይ የሚሞላ ይሁንና ዛፉ ላይ ዘርጉት። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲቃረብ ስለሆነ ልጆቹ ቶሎ አያዩትም። እስከዚያ ማዕዱን ግቢ አውጡት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቡናውን ደጅ በከሰል ከማፍላታችሁ በፊት የሲኤፍኤን፣ ማለትም የቪክቶሪያ ግዛት የእሳት አደጋ መከላከያውን ማስታወቂያ እዩ። ቶታል ፋየር ባን (ደጅ እሳት የማንደድ እገዳ) በታወጀበት ቀን ደጅ ከሰል ማቀጣጠል ክልክል ነው። ያን ቀን ጀበናው ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ላይ ይጣድ። የደረቀ ሣር አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች።

በዓሉ ሲያልፍ የአጋፓንተሱን ራስ ዘር ሳይይዝ ቆርጣችሁ አስወግዱ። እዚህ ቪክቶሪያ ውስጥ ዘሩ ወደ ጫካ እየገባ አገር በቀሉን ያስቸግራል። ግንዱን ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፤ ፈሳሹ ቆዳ ያሳክካል።