በጅማ ዙሪያ በክረምት በእግር ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «ክረምት» ከሚለው ቃል ነው። ስለ ክረምት የእግር ጉዞ በኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ምክር በአብዛኛው ለበረዶ አገር የተጻፈ በመሆኑ፣ አንዳንዱ ወፍራም ሽፋን ያለው ከባድ ጫማና ድርብርብ ሹራብ ገዝቶ ጅማ ይደርሳል። በበረዶ ላይ የሚጓዝ ሰው ከጫማው ሥር ሰፊ መርገጫ የሚያስረው ክብደቱ በሰፊ ቦታ ላይ እንዲያርፍና እግሩ እንዳይሰምጥ ነው። የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው፤ የጅማ ቀይ አፈር ደግሞ ከማስመጥ ይልቅ መጣበቅና ማንሸራተት ይቀናዋል። ያ ወፍራም ጫማ አንድ ጊዜ ውሃ ከጠጣ በዚህ እርጥበት በቀላሉ አይደርቅም።

ቀዩን አፈር በቅርብ ያላየ ሰው ጠባዩን አይገምትም። ሲረጥብ ከሶሉ ሥር ይለጠፋል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ይደራረባል፣ የሶሉን ጎድጓዳ ቦታ ሁሉ ይሞላል፤ ከሃምሳ እርምጃ በኋላ ጫማው ከብዶ ሶሉም እንደ ሳህን ለስልሶ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ውድ የሆነውም ርካሽ የሆነውም ጫማ እኩል ነው። ስለዚህ ቁልቁለት ከመጀመርዎ በፊት ቆመው ጭቃውን በእንጨት መፋቅ ጊዜ ማባከን አይደለም። የአገሩ ሰው ሲወርድ ልብ ብለው ይመልከቱ፦ እርምጃው አጭር ነው፣ እግሩን ጥቂት ወደ ጎን ያዞራል፣ ዱላውንም ከፊቱ ይተክላል። ገበሬው የሚመርጠው ቦቲ ለረግረግ መልካም ቢሆንም፣ በቁልቁለት ላይ እግር በውስጡ እየተንሸራተተ ጣትን ስለሚያቆስል ያለ ወፍራም ካልሲ ረጅም መንገድ ባይሄዱበት ይሻላል።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ግን የመመለሻውን ሳያስቡ መነሳት ነው። በእኔ ግምት በዚህ አካባቢ ተጓዥን የሚያስቸግረው የሚወጣው ዳገት ሳይሆን የሚመለስበት መንገድ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ገለጥ ያለ ሲሆን ዝናቡ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ቁርሱን በልቶ ዘና ብሎ የሚነሳ ሰው ዳገቱን በደረቅ ወጥቶ በጭቃ ይወርዳል። የጅሬን ጉዞ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚገኝበት ጅሬን ከከተማው መሀል 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ ሰው ይንቀዋል፤ ከላይ ሆኖ የጅማን ሜዳ ሲመለከትም ሰዓቱን ይረሳል። ከዚያ ዝናቡ ሲያባራ ዋናውን መንገድ ትቶ በአቋራጭ የእግር መንገድ ይወርዳል፣ የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቶ፣ የትም ቢደርሱ ስድስት ሰዓት ላይ ፊትን ማዞር የሚያስከፋ ልማድ አይደለም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ሐምሌ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከቁርጭምጭሚቴ ያላለፈ ጅረት ተሻግሬ ሄድኩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ በቆምኩበት ቦታ ጠብታ ሳይወርድ ውሃው ቡና መስሎ ከጭኔ በላይ ደርሷል። ዝናቡ የጣለው ከላይ ተራራው ላይ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ልገባ ስል በዳር ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት «ተው ልጄ፣ ይህ ውሃ እንግዳ ነው፤ ቆይቶ ይሄዳል» አሉኝና ቤታቸው ወስደው ቡና አፈሉልኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ በእርግጥም ጎደለ። ጠዋት የተሻገሩት ውሃ ማታ ያው ውሃ አይደለም፤ ቀለሙ ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ፣ የታችኛው ድንጋይም ካልታየ መጠበቅ ወይም ድልድይ ፍለጋ መዞር እንጂ ሌላ ምርጫ የለም። ከጉልበት በላይ የሆነ ፈጣን ውሃ ጎልማሳንም ይጥላል።

ስለ ልብስ ብዙ ማለት አያስፈልግም፦ ጂንስ ይቅር። ጥጥ ውሃ ይዞ ይከብዳል፣ ከሰውነት ሙቀትም ይሰርቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ጉብታ ላይ ነፋስ ሲጨመርበት በሐሩር ክልል መሆናችንን ያስረሳል። ትርፍ ካልሲና ሹራብ በፌስታል ጠቅልሎ መያዝ ይበቃል፤ ስልኩም በዚያው ፌስታል ይግባ። ጃንጥላ ለከተማ ነው። መብረቅ ሲጀምር በሜዳ መሀል ብቻዋን በቆመች ሾላ ሥር መጠለል የሚደጋገም ስህተት ነውና፣ ቢበሰብሱም ከጉብታው ወርደው ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጉ።

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሸቤ በኩል የሚገኘው «በለጠ» የሚባለው ጫካ የራሱ ሥርዓት አለው። እዚያ ቀና ብሎ ጉሬዛ ሲመለከት እግሩ ሥር ያለውን ያላየ ሰው ገብረ ጉንዳን ላይ ይቆማል። ገብረ ጉንዳን በእርጥብ ወቅት በሰልፍ መንገድ ሲያቋርጥ ከሩቅ የተዘረጋ ጥቁር ገመድ ይመስላል፤ ሱሪ ውስጥ ገብቶ ጉልበት ድረስ እስኪወጣ አይታወቅም፣ ሲነክስ ግን በአንድ ጊዜ ነው። የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ማስገባት፣ ከመቆም በፊትም መሬቱን ማየት ያስፈልጋል። ከተነከሱ በመጀመሪያ ከሰልፉ ይራቁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ባሉበት ቆሞ ማራገፍ ሌላውን መጋበዝ ነው። ሌላው የሚለበልበው ዶቢ ነው። የተንሸራተተ ሰው በደመ ነፍስ የሚጨብጠው በአጠገቡ ያገኘውን ተክል ስለሆነና ያም ብዙ ጊዜ ዶቢ ወይም ሳማ ስለሚሆን፣ ዱላ የሚያዘው ለእግር ብቻ ሳይሆን ለእጅም ነው።

በዛፍ ላይ ተሰቅለው የሚታዩት ቀፎዎች ባለቤት አላቸው፤ ከሥራቸው ቁጭ ብሎ ምሳ መብላት፣ ይልቁንም ሽቶ ተቀብቶ መምጣት ንቡን መተናኮል ነው። ከጥላው ሥር ያለው ቡናም የዱር ቢመስልም የሚለቅመው ቤተሰብ ይታወቃል። በበለጠ ገራ ጫካ ነዋሪው በጃፓን የልማት ትብብር ድጋፍ በተቋቋሙ፣ ዋቡብ በሚባሉ የደን ማኅበራት ተደራጅቶ ደኑን ይጠብቃል፤ ስለዚህ ሳይጠይቁ ገብቶ ቅርንጫፍ መስበር ወይም ፍሬ መቅጠፍ የሰው ጓሮ እንደ መድፈር ይቆጠራል። ካርታና ስልክ ብቻ ተማምኖ ያለ መሪ መግባትም ተመሳሳይ ስህተት ነው፤ ጉም ሲወርድ አሥር ሜትር አርቆ ማየት ያዳግታል፣ የቡና ለቃሚ መንገዶችም እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። በገጠሩ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ መንገድ ከመጠየቅ በፊት «አካም ጅርቱ» ማለት ብዙ በር ይከፍታል። ሰላምታ ሳይሰጥ «መንገዱ በየት ነው?» ብሎ የሚጀምር ሰው አጭር መልስ ቢያገኝ አይገረም።

የምንጭ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም በአፍ ተደፍቶ መጠጣት አይገባም፤ ከተቅማጡ ሌላ ትንሽ አልቅት በጉሮሮ ወይም በአፍንጫ ገብቶ ሊጣበቅ ይችላል። ከከተማው አቅራቢያ ወዳለው የቦዬ ረግረግ ወፍ ለማየት የሚሄዱም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሱ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ሲመሽ ነውና በእሱና በውሃው መካከል መገኘት አደገኛ ነው።

ቤት ከደረሱ በኋላ የሚሠራም አንድ ስህተት አለ። የበሰበሰውን ጫማ ከከሰል ምድጃ አጠገብ የሚያቆም ሰው በማግስቱ ቆዳው ተሰንጥቆ፣ ማስቲሹ ለቆ፣ ሶሉ አፉን ከፍቶ ያገኘዋል። ጭቃው በውሃ ይታጠብ፣ ጋዜጣ በውስጡ ይጠቅጠቅና ሲረጥብ እየተለወጠ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይቀመጥ፤ በጅማ ሐምሌ ሦስት ቀን ሊፈጅ ስለሚችል የሚቀጥለውን ጉዞ ከዚያ በፊት አለማቀድ ይሻላል።