የ.357 ሲግ ሽጉጥ ችግሮች፣ ምክንያቶቻቸውና መፍትሄዎቻቸው

.357 ሲግ የተባለውን የሽጉጥ ጥይት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1994 ያወጡት ሲግ ሳወርና የጥይት አምራቹ ፌዴራል ናቸው። የተሠራውም .40 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ሌላ የሽጉጥ ጥይት ዓይነት ቀለህ (ባሩዱን የሚይዘው ክፍል) አንገቱ ጠቦ የ9 ሚሊሜትር አረር (ተተኩሶ የሚወጣው ክፍል) እንዲይዝ በማድረግ ነው። ዓላማው የ.357 ማግነም ሪቮልቨር (በሚሽከረከር ከበሮ የሚጎርስ ሽጉጥ) 8.1 ግራም በሚመዝን አረር የሚሰጠውን ፍጥነት በካዝና ከሚጎርስ ሽጉጥ ማግኘት ነበር። የቴክሳስና የቨርጂኒያ የክፍለ ግዛት ፖሊሶች እንዲሁም የፕሬዚዳንቱን ጥበቃ የሚመራው ሴክሬት ሰርቪስ ታጥቀውት ነበር። ኤፍቢአይ በ2016 ወደ 9 ሚሊሜትር ከተመለሰ ወዲህ ግን ሴክሬት ሰርቪስን ጨምሮ ሌሎች ተቋማትም ፊታቸውን ወደዚያው አዞሩ። ከፖሊስ አገልግሎት የወጡ ሽጉጦች በመጠነኛ ዋጋ ስለሚሸጡ፣ በአሜሪካ የሚኖር ሰው የጥይቱን ጠባይ ሳያጠና የዚህ ሽጉጥ ባለቤት ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች የሚነሱት ችግሮች ከሞላ ጎደል የሚመነጩት ከሽጉጡ ሳይሆን ከጥይቱ ቅርጽና ከገበያው ነው።

ማንኛውንም ምርመራ ከመጀመርዎ በፊት ካዝናውን ያውጡ፣ የሽጉጡን ተንሸራታች አካል ወደ ኋላ ስበው የጎረሰውን ጥይት ያስወጡ፣ በርሜሉ ባዶ መሆኑንም በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ።

ምልክት፦ ጥይቱ በሱቅ አይገኝም፤ ሲገኝም ከ9 ሚሊሜትር በግልጽ የሚበልጥ ዋጋ ይጠየቅበታል።

ምክንያቱ የገዢው ቁጥር ማነሱ ነው። የፖሊስ ተቋማት ፊታቸውን ሲያዞሩ ፋብሪካዎች የሚያመርቱበት ጊዜም ተራርቋል። በ2020 የጥይት እጥረት በተከሰተ ጊዜ አምራቾች ቅድሚያ የሰጡት በብዛት ለሚፈለጉት ዓይነቶች ስለነበር፣ እንዲህ ያሉት ብርቅ ጥይቶች ከመደርደሪያ ጠፍተው ነበር።

መፍትሄው ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ቀላል ነው። የ.357 ሲግ እና የ.40 ጥይቶች የቀለሃቸው መቀመጫ (የኋላ ጫፍ) ስፋት አንድ በመሆኑ፣ እንደ ሲግ ሳወር ፒ229 ባሉ ሽጉጦች በርሜሉን ብቻ በ.40 በርሜል መተካት ይበቃል፤ ካዝናውና ተንሸራታቹን አካል ወደ ቦታው የሚመልሰው ምላሽ ስፕሪንግ ባሉበት ይቆያሉ። በግሎክ ፋብሪካ ሽጉጦችም ሞዴል 31 ከ22፣ 32 ከ23፣ 33 ከ27 ጋር በዚሁ መንገድ ይጣጣማሉ። ለልምምድ 9 ሚሊሜትር የሚተኩስ መለወጫ በርሜልም ይሸጣል፤ ነገር ግን ቀለሁ ቀጠን ያለ ስለሆነ የ9 ሚሊሜትር ካዝና መግዛት ያስፈልጋል፣ ቀለህ የማውጣት አስተማማኝነቱም እንደ .40 አይሆንም። ስለዚህ ቤቱን ለመጠበቅ ብሎ የሚይዘው ሰው ይህን መለወጫ ለተኩስ ሜዳ ብቻ ቢያውለው ይሻላል። በእኔ ግምት በወር አንድ ጊዜ እንኳ ለመለማመድ የሚበቃ ጥይት ለመግዛት አቅም የሚያንሰው ሰው ይህን ጥይት መምረጥ የለበትም፤ ያልተለማመዱበት ኃይለኛ ጥይት ከተለማመዱበት 9 ሚሊሜትር አይበልጥምና።

ምልክት፦ ድምፁ ጆሮ ይበሳል፣ ከአፈሙዙ የሚወጣው ብልጭታ ትልቅ ነው፣ ሁለተኛውን ጥይት ዒላማ ላይ ማሳረፍ ያስቸግራል።

.357 ሲግ በስኩዌር ኢንች እስከ 40,000 ፓውንድ ግፊት የተፈቀደለት ሲሆን የመደበኛው 9 ሚሊሜትር ወሰን 35,000 ነው። 8.1 ግራም አረር በሰከንድ 410 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይዞ ይወጣል። በርሜሉ ሲያጥር ባሩዱ ተቃጥሎ ሳያልቅ አረሩ አፈሙዙን ስለሚለቅ፣ የቀረው ነበልባል ከውጭ ይነድዳል፤ ግሎክ 33ን በመሰለ ትንሽ ሽጉጥ ላይ ችግሩ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሄው መካከለኛ ወይም ሙሉ መጠን ያለው ሽጉጥ መምረጥ፣ ብልጭታ በሚቀንስ ባሩድ የተሠራ የመከላከያ ጥይት መግዛት፣ በተዘጋ ተኩስ ሜዳም የጆሮ መድፈኛ ከነመሸፈኛው ደርቦ ማድረግ ነው። ፍጥነቱ የመኪና መስታወትንና በርን ለሚጋፈጥ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ጥቅም ነበር። በአፓርታማ ለሚኖር ሰው ግን ከስስ ግድግዳው ማዶ ማን እንደሚተኛ አስቀድሞ ማሰብን ይጠይቃል፤ ይህ ጥንቃቄ ለ9 ሚሊሜትርም የሚሠራ ነው።

ምልክት፦ አንዱ ጥይት ከሌሎቹ አጥሮ ይታያል፣ አረሩ ወደ ቀለሁ ጠልቋል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ አደጋ ነውና። የዚህ ጥይት አንገት ከ4 ሚሊሜትር በታች ስለሆነ አረሩን ጨምቆ የሚይዝበት ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። ባለቤቱ ሽጉጡን በየማታው አውርዶ በየጠዋቱ ያንኑ ጥይት መልሶ ሲያጎርስ፣ አረሩ ከበርሜሉ መግቢያ ጋር በተጋጨ ቁጥር ትንሽ በትንሽ ወደ ውስጥ ይገፋል። በቀለሁ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ሲጠብ ባሩዱ የሚፈጥረው ግፊት ከተፈቀደው ወሰን ሊያልፍ፣ ሽጉጡን ሊሰብርና ተኳሹን ሊያቆስል ይችላል።

መፍትሄው አንድ ጥይት ደጋግሞ አለማጉረስ ነው። ጥይቱን ከሽጉጡ ባወጡት ቁጥር ከዚያው ሳጥን ከወጣ አዲስ ጥይት ጎን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ያስተያዩት። የጥይቱ ሙሉ ርዝመት ወሰን 28.96 ሚሊሜትር ቢሆንም አምራቾች ከዚያ አሳጥረው ስለሚሠሩ፣ ከቁጥሩ ይልቅ ከአዲሱ ጋር ማነጻጸር ይሻላል። ያጠረውን ለመተኮስም ሆነ አረሩን ጎትተው ለማስተካከል አይሞክሩ፤ ወደ ቆሻሻ መጣያም አይጣሉት፤ ለተኩስ ሜዳው ሠራተኛ ወይም በአካባቢው ላለ ፖሊስ ጣቢያ አስቀድመው ደውለው ያስረክቡ።

ምልክት፦ ሽጉጡ ጥይት አይጎርስም ወይም ተንሸራታች አካሉ ሳይዘጋ ይቆማል።

አንገታም ጥይት እንደ አሮጌው የሶቪየት ሽጉጥ ጥይት ቶካሬቭ 7.62 ሁሉ ጠባብ አፉን ወደ ሰፊ ጉድጓድ ስለሚያስገባ በማጉረስ በኩል እጅግ አስተማማኝ ነው፤ የ.357 ሲግ እውነተኛ ብልጫም ይኸው ነው። እንግዲያው እንዲህ ያለ ችግር ሲደጋገም መጀመሪያ የሚጠረጠረው የደከመ ምላሽ ስፕሪንግ ወይም የተጣመመ የካዝና አፍ ነው፤ ሁለቱም በርካሽ ይተካሉ። ችግሩ ድንገት ከጀመረ ግን ጥይቶች ተደባልቀው እንደሆነ ይመርምሩ። አንድ ካዝና .40ንም .357 ሲግንም ስለሚቀበል፣ ሁለት በርሜል ያለው ሰው በቀላሉ ይሳሳታል፤ የ.40 ጥይት በ.357 ሲግ በርሜል ውስጥ እስከ መጨረሻ አይገባም፣ በኃይል ለመግፋትም ፈጽሞ አይሞክሩ። በስም የሚቀራረበው .357 ማግነም ደግሞ ቀለሁ 33 ሚሊሜትር ገደማ የሚረዝም የሪቮልቨር ጥይት ስለሆነ ከዚህ ሽጉጥ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ሻጭ በስህተት ቢሰጥዎ ሳጥኑን ሳይከፍቱ ይመልሱ። ሁለት በርሜል ካለዎት የእያንዳንዱን ጥይት በየራሱ ሳጥን ያኑሩ፣ ካዝናዎቹን በተለያየ ቀለም ምልክት ያድርጉባቸው፣ ከመጫንዎ በፊትም በበርሜሉ ላይ የተቀረጸውንና በቀለሁ መቀመጫ ላይ የታተመውን ጽሑፍ ያመሳክሩ።