ራውተራችሁ ሪሴት ከተደረገ በኋላ እንዴት ተመልሳችሁ እንደምትገቡ

ራውተር ሪሴት ተደርጎ ሲነሳ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ዋይፋዩ በድሮ ስሙ አይታይም። ስልኩ አይገናኝም። የለመዳችሁትን ቁጥር ብራውዘር ላይ ስትጽፉ ገጹ ዞሮ ዞሮ ይቀራል። ከዚያ «በቃ ተበላሸ» ይባልና አዲስ ወደ መግዛት ይኬዳል። እባካችሁ አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ምንም አልሆነም። ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው አድራሻ፣ ስምና ፓስወርድ ተመልሷል፣ እናንተ ግን እየፈለጋችሁት ያላችሁት በድሮው አድራሻ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ አሁን ያለበትን አድራሻ ማወቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ይቀላል።

ገና ሪሴት ሳታደርጉ ይህን እያነበባችሁ ከሆነ ግን አንድ ደቂቃ ቆዩ። ሪስታርትና ሪሴት አንድ አይደሉም። ሪስታርት ማለት አጥፍቶ ማብራት ነው፣ ምንም አይጠፋም። ሪሴት ግን የሞላችሁትን ሁሉ ይሰርዛል። የዋይፋይ ስም፣ ፓስወርድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኢንተርኔት አቅራቢው የሰጣችሁ ዩዘር ኔምና ፓስወርድ ይሄዳል። ግንኙነታችሁ ፒፒፒኦኢ በሚባለው መንገድ ከሆነ ያለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ራውተሩ ውስጥ ብትገቡም ኢንተርኔት አይመጣም። አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ወረቀት ላይ ጻፉት። በተለይ የፋይበር መስመር በቀጥታ የሚገባበት ሳጥን ከሆነ ሳትጠይቁ አትንኩት፣ ምክንያቱም አንዳንዱ መስመሩን ከአቅራቢው ጋር የሚያስተዋውቀው መለያ ውስጡ ተሞልቶ ነው የሚመጣው፣ እሱ ከጠፋ ባለሙያ ሳይመጣ መፍትሔ ላይኖረው ይችላል።

ሪሴቱ በትክክል መሆኑን አረጋግጡ

ብዙ ጊዜ ችግሩ ሪሴቱ ግማሽ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። በትንሿ ቀዳዳ ውስጥ ያለውን ቁልፍ በስፒል ወይም በቀጭን ሽቦ ነክተው ወዲያው ይለቁታል፣ ራውተሩ ሪስታርት ብቻ ያደርጋል፣ የድሮው ፓስወርድም እንዳለ ይቆያል። በአብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ላይ ራውተሩ በርቶ እያለ ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። መብራቶቹ አንድ ላይ ብልጭ ሲሉ ወይም ሁሉም ሲጠፉ ትለቃላችሁ። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ተነስቶ እስኪረጋጋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈልጋል፣ በዚህ መሀል ከሶኬት አትንቀሉት።

ማይክሮቲክ የሚባለው ዓይነት ራውተር ያላችሁ ግን ይህን ሕግ እርሱት። እዚያ ቁልፉን ተጭናችሁ እያላችሁ ነው ኤሌክትሪኩን የምትሰኩት፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ወዲያው ትለቃላችሁ። «ትንሽ ልጨምር» ብላችሁ ከቆያችሁ መብራቱ ሳይቆራረጥ ይበራና ራውተሩ ከሌላ መቆጣጠሪያ ትእዛዝ ወደሚጠብቅበት ሁኔታ ይገባል። ከዚያም በላይ ከቆያችሁ ሶፍትዌሩ እንደገና እንዲጫንለት ወደሚጠብቅበት ሁኔታ ይሄዳል። «ሪሴት ካደረግኩት ወዲህ ጭራሽ ሞተ» የሚሉ ብዙ ሰዎች የደረሰባቸው ይሄ ነው። አልሞተም፣ ሰዓቱን ጠብቃችሁ እንደገና ሞክሩ።

ስቲከሩን አንብቡ፣ ኬብል ፈልጉ

ራውተሩን ገልብጡት። ጀርባው ወይም ሆዱ ላይ ስቲከር አለ። የመግቢያ አድራሻው፣ ዩዘር ኔሙ፣ ፓስወርዱ፣ የዋይፋዩ ስምና ቁልፍ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ተጽፈዋል። ፎቶ አንሱትና ስልካችሁ ላይ አሳድጋችሁ እዩት፣ ጽሑፉ ስለሚያንስ ዜሮን ከኦ ፊደል፣ አንድን ከትንሿ ኤል ፊደል ማምታታት በጣም ቀላል ነው። ካፒታልና ስሞል ፊደልም ይለያል።

አሁን ላፕቶፕና የኔትወርክ ኬብል። በስልክም ይቻላል፣ እመለስበታለሁ፣ ግን ኬብል ካላችሁ በኬብል አድርጉት። በኬብል ስትሆኑ የዋይፋይ ስምና ቁልፍ ጥያቄ ውስጥ አይገባም፣ ሴቲንግ ስትቀይሩም መሀል ላይ አያቋርጣችሁም።

ኬብሉን ላን በተባለው ቀዳዳ ሰኩት። ዋን ወይም ኢንተርኔት የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ከሌሎቹ የተለየው፣ ለዚህ አይሆንም። በዚያ በኩል የሚመጣን ሰው ራውተሩ እንደ ውጭ ሰው ስለሚቆጥረው ገጹን አይከፍትለትም። ከኢንተርኔት የሚመጣውን ኬብል ደግሞ ለጊዜው ንቀሉት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ግን ምክንያት አለው። ከፊት ያለው ሞደም 192.168.1.1 ከሆነና አሁን ሪሴት የተደረገው ራውተርም ያንኑ ቁጥር ከያዘ ሁለቱ ይጋጫሉ። ከዚህ ሌላ፣ አንዳንድ ራውተር ከአቅራቢው ጋር እንደተገናኘ ቅንብሩን ከርቀት ይቀበላል፣ ስቲከሩ ላይ ያለው ፓስወርድም በደቂቃዎች ውስጥ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ እናንተና ራውተሩ ብቻችሁን ሁኑ።

የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ። ቪፒኤን ካለም አጥፉት።

አድራሻውን ከመገመት ጠይቁት

ሰው ሁሉ 192.168.1.1 ይጽፋል። ካልሆነ 192.168.0.1 ይሞክራል። እነዚህ በብዛት ይሠራሉ፣ ግን ማይክሮቲክ 192.168.88.1 ነው፣ ብዙ የሁዋዌ የፋይበር ሳጥኖች 192.168.100.1፣ በሲም ካርድ የሚሠሩት ሁዋዌዎች ደግሞ 192.168.8.1። መገመቱን ተዉትና ኮምፒውተራችሁን ጠይቁት፣ እሱ ያውቃል። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ ከፍታችሁ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት ውስጥ ግቡ፣ የግንኙነቱን ዝርዝር መረጃ ስትከፍቱ ዲፎልት ጌትዌይ የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ከፊቱ ያለው ቁጥር የራውተሩ አድራሻ ነው። ማክ ኮምፒውተር ላይ ኔትወርክ ውስጥ ገብታችሁ የግንኙነቱን ዝርዝር ስትከፍቱ፣ አይፎን ላይ ደግሞ ከዋይፋዩ ስም ጎን ያለችውን የአይ ምልክት ስትነኩ፣ ራውተር በሚል ስም ይታያል። አንድሮይድ ላይም የዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ ጌትዌይ ይላል።

ቁጥሩን የምትጽፉት ብራውዘሩ ላይ ከላይ ባለው የአድራሻ መስመር ነው፣ ገጹ መሀል ባለው የጉግል መፈለጊያ ውስጥ አይደለም። ብራውዘሩ ራሱ ደህንነቱ ወደተጠበቀው ኤችቲቲፒኤስ እየቀየረ የሚያስቸግር ከሆነ ቁጥሩ ፊት ላይ ኤስ የሌለበትን ኤችቲቲፒ፣ ኮለንና ሁለት ስላሽ ጨምሩ። «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣ፣ በኬብል ከራሳችሁ ራውተር ጋር እስከተገናኛችሁ ድረስ ማለፍ ትችላላችሁ። ድሮ ቡክማርክ ያደረጋችሁትን ግን አትጫኑ፣ እሱ የሚወስዳችሁ ወደ ቀድሞው አድራሻ ነው።

ጌትዌይ የሚለው ባዶ ከሆነ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

የኮምፒውተራችሁ አይፒ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነና ጌትዌይ የሚለው ባዶ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ጠይቆ የመለሰለት አላገኘም ማለት ነው። ሲያጣ ለራሱ ቁጥር ሰጠ። ይህ የሚሆነው ኬብሉ ሲበላሽ፣ ቀዳዳው ሲሳሳት፣ ራውተሩ ገና ተነስቶ ሳይጨርስ ሲቀር፣ ወይም አድራሻ የማደል ሥራው ማለትም ዲኤችሲፒ ሳይበራ ሲቀር ነው። መጀመሪያ ሌላ ኬብልና ሌላ የላን ቀዳዳ ሞክሩ። ኬብሉ የተሰካበት ቀዳዳ መብራት ካልበራ ችግሩ ሴቲንግ ላይ አይደለም።

መብራቱ በርቶ አድራሻ ካልመጣ እናንተ ራሳችሁ ለኮምፒውተሩ ቁጥር ትሰጡታላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ኤተርኔት የሚለውን ከፍታችሁ አይፒ አሳይንመንት ጎን ያለውን ኤዲት ተጫኑ፣ ከአውቶማቲክ ወደ ማንዋል ቀይሩ፣ አይፒቪ4ን አብሩ። ስቲከሩ ላይ የራውተሩ አድራሻ 192.168.1.1 ነው የሚል ከሆነ ለኮምፒውተሩ 192.168.1.10 ስጡት፣ ሰብኔት ማስኩ 255.255.255.0፣ ጌትዌዩ 192.168.1.1። አንዳንድ ዊንዶውስ በሰብኔት ማስኩ ፋንታ ሰብኔት ፕሪፊክስ ሌንግዝ የሚል የቁጥር ርዝመት ይጠይቃል፣ እዚያ ላይ 24 ጻፉ። ነገሩ ቀላል ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከራውተሩ ጋር አንድ ይሁኑ፣ የመጨረሻው ብቻ ይለይ። ሴቭ አድርጉና የራውተሩን አድራሻ ብራውዘር ላይ ጻፉ።

ተሳክቶላችሁ ስትጨርሱ ወደ አውቶማቲክ መመለሱን አትርሱ። ካልመለሳችሁት ነገ ላፕቶፑ ሌላ ቦታ በኬብል አልገናኝ ይላችኋል፣ ምክንያቱንም ለማግኘት ትቸገራላችሁ።

ማይክሮቲክ ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ዊንቦክስ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ ኔይበርስ የሚለውን ተጫኑ፣ ራውተሩ ምንም አይፒ ባይኖረው እንኳ ከፋብሪካ በተሰጠው መለያ ማለትም በማክ አድራሻው ይታያል። ማክ አድራሻውን ጠቅ አድርጋችሁ ተገናኙ። ኬብሉን ግን ከሁለተኛው ቀዳዳ ጀምሮ ባሉት ላይ ሰኩት፣ የመጀመሪያው ለኢንተርኔት የተያዘ ስለሆነ ከፋብሪካ ሲመጣ በፋየርዎል የተዘጋ ነው። የድርጅት ሲስኮ ራውተር ከሆነ ደግሞ ቅንብሩ ሲጠፋ በአይፒ የሚገባበት መንገድም አብሮ ስለሚጠፋ ኮምፒውተሩን ከራውተሩ የኮንሶል ቀዳዳ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ኮንሶል ኬብል ያስፈልጋችኋል፣ ፍጥነቱም 9600 ላይ ይሁን።

ላፕቶፕ ከሌላችሁ

በስልክ ስትሞክሩ የድሮውን የዋይፋይ ስም ከስልኩ ላይ ፎርጌት አድርጉ። ስቲከሩ ላይ ያለውን ስም ፈልጋችሁ እዚያ ባለው ቁልፍ ተገናኙ። ሞባይል ዳታውን አጥፉ፣ ይሄ ግዴታ ነው። ዋይፋዩ ገና ኢንተርኔት ስለሌለው ስልኩ በራሱ ወደ ዳታ ይዞርና የራውተሩን ገጽ በማይገኝበት ቦታ ሲፈልግ ይከርማል። «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም፣ እንደተገናኛችሁ መቆየት ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ አዎ በሉት።

ገጹ ተከፈተ፣ ፓስወርዱ እምቢ አለ

ሁሌም ስቲከሩ ይቅደም። እዚያ ላይ ከሌለ በድሮዎቹ ራውተሮች ዩዘር ኔሙም ፓስወርዱም አድሚን የሚለው ቃል ነው፣ በስሞል የእንግሊዝኛ ፊደል። አዲሶቹ ብዙ ጊዜ «አዲስ ፓስወርድ ፍጠሩ» ብለው ነው የሚቀበሏችሁ። ድሮ የተሠሩ ማይክሮቲኮች አድሚን ብላችሁ ፓስወርዱን ባዶ ስትተዉት ይገባሉ፣ አዲሶቹ ስቲከሩ ላይ የራሳቸው አላቸው።

እኔ በዚህ ጉዳይ ግማሽ ሌሊት የታገልኩበት ጊዜ አለ። ትክክለኛውን ፓስወርድ እየጻፍኩ አይቀበልም። በመጨረሻ ሳየው ብራውዘሩ የድሮውን ፓስወርድ አስታውሶ በላዩ ላይ እየሞላው ነበር። ስለዚህ ኢንኮግኒቶ መስኮት ክፈቱ፣ በእጃችሁ ጻፉ፣ የዓይን ምልክት ካለ ተጭናችሁ የጻፋችሁትን እዩ። ደጋግማችሁ ከተሳሳታችሁ ራውተሩ ለተወሰነ ጊዜ ይቆልፍባችኋል። ያኔ አረፍ በሉ። እየተቆለፈ መሞከር ጊዜውን ያረዝመዋል እንጂ አይጠቅምም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልሆነ፣ ራውተሩም ከኢንተርኔት አቅራቢው የመጣ ከሆነ፣ አቅራቢው የራሱን ፓስወርድ አስገብቶበት ሊሆን ይችላል። ደውሉላቸው።

ከገባችሁ በኋላ

መጀመሪያ የአድሚን ፓስወርዱን ቀይሩ። ቀጥሎ ዋን ወይም ኢንተርኔት የሚለው ገጽ ላይ ገብታችሁ አቅራቢው የነገራችሁን የግንኙነት ዓይነት ምረጡ፣ ፒፒፒኦኢ ከሆነ ዩዘር ኔሙንና ፓስወርዱን ሙሉ፣ ቪላን የሚባል የመስመር መለያ ቁጥር ከሰጧችሁ እሱንም። ከዚያ የነቀላችሁትን ኬብል መልሳችሁ ሰኩ።

ዋይፋዩ ላይ የምመክራችሁ አንድ ነገር አለ። የድሮውን ስምና የድሮውን ቁልፍ ፊደል በፊደል መልሳችሁ ስጡት። እንደዚያ ካደረጋችሁ ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ፕሪንተሩ፣ ካሜራው በብዛት በራሳቸው ይገናኛሉ፣ አንድ በአንድ መዞር ይቀርላችኋል። የድሮውን ቁልፍ የማይገባው ሰው አውቆት ከነበረ ግን አዲስ አድርጉ፣ ድካሙ ይበጃል። ደህንነቱን ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 ላይ አድርጉት፣ ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማስተዳደር የሚያስችለው ሪሞት ማኔጅመንት በርቶ ከሆነ አጥፉት።

ሁሉም ከሠራ በኋላ ባካፕ የሚለውን ተጭናችሁ ቅንብሩን ፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡ። የድሮ ባካፕ ያላችሁ ሰዎች ግን ሪስቶር ከማለታችሁ በፊት ይህን እወቁ። በብዙ ራውተሮች ላይ ፋይሉ የድሮውን የአድሚን ፓስወርድም ይዞ ነው የሚመለሰው። ሪሴት ያደረጋችሁት ያንን ፓስወርድ ረስታችሁ ከሆነ እንደገና በሩ ይዘጋባችኋል። ያኔ በእጅ መሙላቱ ይሻላል። አዲሱን ፓስወርድና የአቅራቢውን ዩዘር ኔም በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በጥንቃቄ አስቀምጡ፣ ራውተሩ ላይ አትለጥፉት፣ ያየው ሁሉ ይገባበታል።