ጋኔን የገባበትን ጫካ እንዴት እንደማጫውት

ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ማታ አራት ጓደኞቼን ሰብስቤ በወረቀትና በዳይስ የምንጫወተውን የምናብ ጀብዱ አጫውታለሁ። እኔ ታሪኩን እመራለሁ፣ እነሱ ጀግኖቹን ይሆናሉ። ጋኔን ያበላሸውን ጫካ መጀመሪያ ሳዘጋጅ ግን ተሳሳትኩ። አጋንንቱን አበዛኋቸው። ጀግኖቹ በግማሽ ሰዓት አለቁ፣ አንዱ ጓደኛዬም አኩርፎ ሄደ።

አሁን ጠላት የማደርገው ጫካውን ራሱን ነው። መነሻዬ ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል ነው። ሲመሽ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ዛፍ ላይ ተገትረው አይታችኋል? እነሱን ውሰዱና አንድ ነገር ብቻ አጣምሙ። የእኔዎቹ ዓይናቸውን አይጨፍኑም፤ ጀግኖቹ ዞር ባሉ ቁጥር አንድ ቅርንጫፍ ይጠጋሉ። ጉሬዛዋ ደግሞ በሟች እናትህ ድምፅ ትጣራለች። ጠረጴዛው ጸጥ የሚለው ያኔ ነው።

ክብደቱን በዳይስ አምጡት። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ 11 ወይም ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሙከራ የመሳካት ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ጫካው የመረዘው ተጫዋች ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን ቢወስድ ዕድሉ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። አንድም ጋኔን ሳትጨምሩ ላብ በላብ ታደርጓቸዋላችሁ።

መርዙ የሚለቅበት መንገድ ግን ይኑር። እኔ አንድ ንጹሕ ምንጭ እደብቃለሁ። ፍንጩን ሦስት ቦታ እበትናለሁ፣ ሁለቱን ሳያዩ ማለፋቸው አይቀርማ!

መብራት ከጠፋ አትደንግጡ። ሻማ ለኩሱና ቀጥሉ። የእኔ ምርጥ ምሽት እንደዛ ነበር።