በመኪና አደጋ ሰው ሲሞት ቤተሰብ የካሳ ክስ የሚያቀርበው እንዴት ነው?

የትራፊክ አደጋ ሰው ሲገድል ከአንዱ አደጋ ሁለት መዝገቦች ይወጣሉ። አንደኛው ዐቃቤ ሕግ በሾፌሩ ላይ የሚከፍተው የወንጀል መዝገብ ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው መግደል ተብሎ የሚታይ ነው። ሁለተኛው ቤተሰቡ ራሱ የሚከፍተው የፍትሐ ብሔር መዝገብ ነው። ብዙ ሰው ሾፌሩ ሲፈረድበት ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል፤ ሾፌሩ የሚቀጣው መቀጮ ግን ለመንግሥት ገቢ ይሆናል እንጂ ለሟች ልጆች አይደርስም። በወንጀሉ መዝገብ ላይ ካሳ መጠየቅን ሕጉ ቢፈቅድም፣ የገቢና የጥገኝነት ማስረጃ በሰፊው የሚሰማው በፍትሐ ብሔር ችሎት ስለሆነ፣ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው።

መጀመሪያ ማስረጃ ማሰባሰብ

ከቀብር በኋላ ባሉት ሳምንታት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ተመርጦ ወረቀቱን ቢከታተል ጥሩ ነው። የትራፊክ ፖሊስ በአደጋው ቦታ ያነሣው ፕላን፣ የምርመራ መዝገቡ ቁጥር፣ የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤት (አዲስ አበባ ላይ ለረጅም ጊዜ ይህን ሲሠራ የኖረው ምኒልክ ሆስፒታል ነው) እና የሕክምናና የቀብር ወጪ ደረሰኞች ይያዛሉ። ሞቱ በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት ሊወጣለት ይገባል። የሟቹን ገቢ የሚያሳይ የደመወዝ ደብዳቤ፣ የባንክ መግለጫ ወይም የግብር ደረሰኝ ደግሞ ከሁሉም በላይ ዋጋ አለው፤ የካሳው መጠን የሚቆመው በእርሱ ላይ ነውና።

ማን ይጠይቃል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2095 መብቱን የሰጠው ለሟች ባል ወይም ሚስት፣ ለወላጆቹና ወደ ላይ ለሚቆጠሩት፣ እንዲሁም ለልጆቹና ለተወላጆቹ ነው። ወንድምና እኅት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ሟቹ ታናሽ እኅቱን ከልጅነቷ ጀምሮ ሲያስተምር የኖረ ቢሆን እንኳ፣ እርስዋ በስሟ የቀለብ ካሳ መጠየቅ አትችልም፤ ይህ በብዙ የአገራችን ቤተሰብ ላይ የሚከብድ ድንጋጌ ነው። በሌላ በኩል ካሳው የባለመብቶቹ የራሳቸው መብት እንጂ ከውርስ የሚገኝ ንብረት አይደለም። ስለዚህ ወራሽነትን ማረጋገጥ ብቻውን አይበቃም፤ ሚስት የጋብቻ ማስረጃ፣ ልጆች የልደት ማስረጃ፣ አካለ መጠን ላልደረሱት ደግሞ ክሱን የሚያቀርበው ሰው የሞግዚትነት ማረጋገጫ ማያያዝ አለባቸው።

ማን ይከሰሳል?

ሾፌሩን ብቻ መክሰስ የተለመደ ስሕተት ነው፤ አብዛኛው ሾፌር የሚከፍለው የለውም። አንቀጽ 2081 የመኪናውን ባለቤት ራሱ ባያጠፋም ኃላፊ ያደርገዋል፤ መኪናው በተሰረቀበት ጊዜ ጉዳቱ እንደደረሰ ካስረዳ በስተቀር ያልፈቀደለት ሰው ነድቶት ነበር ማለቱም አያድነውም። ከኃላፊነት ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል የሚወጣው የሟቹን የራሱን ጥፋት ካረጋገጠ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአገራችን ብዙ መኪና ስም ሳይዛወር በውክልና ይሸጣል፤ ሊብሬው የአንዱ፣ ገንዘቡን ከፍሎ መኪናውን የሚያሠራው ሌላው ይሆናል። በመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የተመዘገበውንም በእጁ ይዞ የሚያሠራውንም በአንድነት መክሰስ ይሻላል፤ አንዱ ብቻ ከተከሰሰ “ባለቤቱ እኔ አይደለሁም” የሚል መቃወሚያ መዝገቡን ለወራት ሊያጓትት ይችላል።

በሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት መኪናው መድን ሊኖረው ስለሚገባ የመድን ድርጅቱም ይጠራል። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሟች የሚከፈለው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር፤ አሁን የሚሠራበትን መጠን ከድርጅቱ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከጣሪያው በላይ የሆነው ጉዳት ግን የባለቤቱ ዕዳ ሆኖ ይቀጥላል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነ ጥያቄው ለመድን ፈንዱ ይቀርባል። ሟቹ በሥራ ላይ እያለ የሞተ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለው የጥገኞች ክፍያ ለብቻው መታየት አለበት።

ጊዜው እንዳያልፍ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። አድራጎቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ከወሰነለት ያ ይሠራል፤ ቢሆንም በዚህ ተማምኖ መቀመጥ አያዋጣም። የወንጀሉን ፍርድ መጠበቅም አያስፈልግም። አንቀጽ 2149 ሾፌሩ በወንጀል ነፃ መባሉ የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ እንደማያስገድደው በግልጽ ይደነግጋል።

ሽማግሌ ሲመጣ

የባለንብረቱ ሽማግሌዎች ብዙውን ጊዜ የሚመጡት አርባው እንኳ ሳይወጣ ነው። እርቅ በሕግ የተፈቀደ፣ ብዙ ጊዜም የተሻለ መንገድ ነው፤ ችግሩ ያለው በሚፈረመው ወረቀት ላይ ነው። ለቀብርና ለተዝካር ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ሲቀበሉ፣ ለዚያ ወጪ ብቻ መሆኑ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። “ከእንግዲህ በካሳ ረገድ የምንጠይቀው የለም” የሚል ዐረፍተ ነገር ካለበት ጠበቃ ሳያየው አይፈረም፤ የልጆቹን ድርሻ የሚነካ ስምምነትም ለፍርድ ቤት ቀርቦ ቢጸድቅ ይመረጣል።

ስሌቱና ክሱ

ካሳው የሚሰላው እንደ ቀለብ ነው። ለምሳሌ ሟቹ በወር 12 ሺህ ብር ያገኝና 4 ሺህውን ለራሱ ያወጣ ነበር ቢባል፣ ለቤተሰቡ የቀረበት በወር 8 ሺህ፣ በዓመት 96 ሺህ ብር ነው። ይህ ለልጆች ራሳቸውን እስኪችሉ፣ ለሚስት ወይም ለወላጅ ደግሞ እንደየሁኔታው በሚታይ ዘመን ይባዛል። ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ገበሬ ወይም የቀን ሠራተኛ ምስክር ይሰማል፤ ልኩን ማረጋገጥ ካልተቻለ በአንቀጽ 2102 መሠረት ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው ግምት ይወስናል። የሞራል ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. ትርጉም የነበረው ይህ መጠን ዛሬ የአንድ ሰው ሞት መካሻ ሆኖ መቆየቱ የሚያሳፍር ነው።

ክሱ አደጋው በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ በፌዴራል ደረጃ እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሆነው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይታያል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ቤተሰብ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ማስረጃ አምጥቶ በደሃ ደንብ እንዲከስ ማመልከት ይችላል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች፣ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ለአቅመ ደካሞች ነፃ እርዳታ ይሰጣሉ። ከክሱ ጋር መኪናው እንዳይሸጥና ስም እንዳይዛወር የዕግድ ትዕዛዝ መጠየቅ አይረሳ፤ ፍርዱ ከተገኘ በኋላ ባለዕዳው በፈቃዱ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ ሲከፈት፣ ዕግድ የተጣለበት መኪና በሐራጅ ሊሸጥ የሚችል የመጀመሪያው ንብረት ይሆናል።